ጣሪያ ልንቆርጥ ተነስተን ጋቢ ላይ ቀረን

ደምሴ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፤ ከደብረ ብርሃን ነን፤ ብርዱ እንደምታውቁት ነው። የዛሬው ጉዳያችን አንድና አንድ ብቻ ነው፤ በፈረንጆቹ የ1932 ፎርድ ኩፔ የፕላስቲክ ሞዴል፣ 1 ለ25 የሆነውን፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና 25 ጊዜ ያነሰውን፣ ጣሪያውን ቆርጠን ዝቅ እናደርገዋለን። ሲጌቶው ቀርቧል፣ ቦዲው ቀርቧል፣ የወረቀት ስኮቹም ቀርቧል...

ሂሩት፦ ጋቢዎም ቀርቧል።

ደምሴ፦ ጋቢዬ ምን አደረገሽ?

ሂሩት፦ እኔንማ ምንም። ይሄን ኮፋኖ ግን ጠጋ ብለው ይዩት። ጥቁሩ ቀለም ላይ ያ ነጭ ክር ከየት የመጣ ይመስልዎታል?

ደምሴ፦ አንዲት ክር እኮ ናት።

ሂሩት፦ አንዲት ክር በ1 ለ25 ገመድ ናት፣ ጋሽ ደምሴ! የግማሽ ሳንቲ ክር እውነተኛው መኪና ላይ 12 ሳንቲ ተኩል ትሆናለች። ኮፋኖው ላይ ገመድ ተለጥፎበት የሚሄድ መኪና አይተው ያውቃሉ?

ደምሴ፦ አይሱዙ ነዋ! ሞልቷል።

ሂሩት፦ (ሳቅ) እሱስ ልክ ነዎት።

ደምሴ፦ ወደ ጣሪያው እንመለስ። ሆት ሮድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። ከ1949 በፊት የተሠራ የአሜሪካ መኪና ይወሰድና ፓራፋንጎው ይወልቃል፣ ክብደቱ ይቀነሳል፣ ሞተሩ ይጠናከራል፣ ቁመቱ ዝቅ ይላል። ነገሩ ካሊፎርኒያ ውስጥ በደረቁ ሐይቆች ላይ ሲሽቀዳደሙ የመጣ ነው። የ1932 ፎርድ የሚወደድበት ምክንያት ደግሞ ለተራ ሰው በሚቀመስ ዋጋ ቪ8፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይዞ መምጣቱ ነው። 3.6 ሊትር፣ 65 የፈረስ ጉልበት። እንግዲህ ጣሪያው...

ሂሩት፦ ጣሪያው ይቆየን፣ ክሩን ልጨርስ። ሰው ሁሉ ብናኝ ከላይ የሚወርድ ይመስለዋል። ቦዲው ራሱ ነው የሚጠራው። ፕላስቲክን በደረቅ ጨርቅ በጠረጉት ቁጥር ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ሹራብ ሲያወልቁ ጠጠጠ የሚለው ማለት ነው። በበጋ የኛ አገር አየር ደረቅ ነው፣ ደረቅ አየር ደግሞ ያንን ኤሌክትሪክ ቶሎ አይለቀውም። እና ሰዉ ቦዲውን አሥር ጊዜ በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል፣ ከዚያ ቀለም ይረጫል፣ ከዚያ «ክሩ ከየት መጣ» ይላል!

ደምሴ፦ ጠረገ ተብሎ ይወቀሳል እንዴ?

ሂሩት፦ በደረቁ ከጠረገ አዎ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። ክፍሎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ይኖርባቸዋል፤ ቀለም እሱ ላይ አይይዝም፣ ስኮች ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ታጥቦ በራሱ ይድረቅ። ሊረጩ ሲሉ ደግሞ በመነጽር ጨርቅ፣ እርጥበት ነካ አድርገው፣ አንዴ ብቻ። ወለሉ ላይም ከግማሽ ሰዓት በፊት ውሃ ይረጫል፣ ልክ አቧራ እንዳይነሳ ደጅ እንደሚረጨው። ተረጭቶ ሲያልቅ ሳፋ ይደፋበታል፤ ጠርዙ ሁለት እንጨት ላይ ይረፍ፣ ሽታው መውጫ ያስፈልገዋል። እና ጋቢ...

ደምሴ፦ አላወልቅም።

ሂሩት፦ አያውልቁ፤ ግን ከመርጫው ሁለት ሜትር ይራቁ።

ደምሴ፦ መፍትሔ አለኝ። መኪናውን ነጭ እንቀባው! ነጭ ክር በነጭ ቀለም፣ ማን ያየዋል?

ሂሩት፦ የዚያን ዕለት የመንዝ በርኖስ ለብሰው ይመጣሉ።

ደምሴ፦ (ሳቅ) ጥቁሩን በርኖስ! እሱስ አያደርገኝም አልልም።

ሂሩት፦ ክሩ ደግሞ እርጥቡ ቀለም ላይ ካረፈ እጅ አይነካውም። እዚያው ይድረቅ። ቶሎ የሚደርቀው ላከር ቀለም ከሆነ ሁለት ቀን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ኢናሜል ከሆነ ሳምንት። መድረቁን በጣት አይሞክሩ፣ በአፍንጫ ያሽትቱ፤ ከሸተተ አልደረቀም። ከዚያ ባለ 1500 ብርጭቆ ወረቀት ውሃና ጠብታ ሳሙና አስነክተው ክሩ ያለበትን ብቻ፣ ቀጥሎ ባለ 2000፣ በመጨረሻ ፖሊሽ። ጠርዝ ላይ ግን ወረቀት አይደርስም፤ ቀለሙ እዚያ ስስ ነው፣ ሁለት ጊዜ ካሹት ፕላስቲኩ ይታያል። ብልጭልጭ ያለው ሜታሊክ ቀለም ደግሞ ጭራሽ አይታሽም፣ መጀመሪያ ክሊር፣ ቀለም የሌለው ሽፋን፣ ይለብስና የሚታሸው ክሊሩ ነው።

ደምሴ፦ የጥርስ ሳሙናም ፖሊሽ ይሆናል።

ሂሩት፦ ይሆናል፤ ነጩ፣ ጄል ያልሆነው። እሺ፣ አሁን ብርዱን ላንሳ።

ደምሴ፦ ጣሪያውን ሳናነሳ?

ሂሩት፦ ብርዱ ይቀድማል። እኛ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን። ጠዋት የስፕሬይ ጣሳ ሲያነሱት እንደ በረዶ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ቀለሙ ይወፍራል፣ በደቃቁ መርጨት ትቶ ይተፋል። ስለዚህ ጣሳው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ፣ እጅ በሚችለው ሙቀት፣ 10 ደቂቃ ይቀመጥ። ከሰል አጠገብ በፍጹም! ምድጃ ላይም በፍጹም! ይፈነዳል።

ደምሴ፦ ይሄን ድገሚው።

ሂሩት፦ ይፈነዳል። ለብ ያለ ውሃ ብቻ። ከዚያ በደንብ ተንጦ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ርቀት። የመጀመሪያው ዙር እንደ ጭጋግ ነው፣ ፕላስቲኩ ገና ይታያል። 15 ደቂቃ። ሁለተኛው ትንሽ ወፈር። 15 ደቂቃ። ሦስተኛው እርጥብ ብሎ የሚያንጸባርቀው ነው። አፈሙዙን ከቦዲው ውጭ ይጫኑ፣ ከቦዲው ውጭ ይልቀቁ። በብርድ የሚሠራው ትልቁ ስህተት «አልሸፈነም» ብሎ ቶሎ መድገም ነው፤ ማሟሟቻው ስላልተነነ ቀለሙ በር ላይ እንደ እንባ ይወርዳል። ከራቁ ደግሞ አየር ላይ ደርቆ ይደርስና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል።

ደምሴ፦ ክረምት ላይ ቀለሙ ነጭ የሚለውስ?

ሂሩት፦ እሱ እርጥበት ነው። ላከር ሲተን የቦዲውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ ጤዛ ይሆንና ቀለሙ ውስጥ ይታሰራል። ሐምሌና ነሐሴ የውጭ ቀለም ባይረጭ ይመረጣል። ከሆነም ደረቅ ቀን ጠብቆ ስስ ዙር ማስነካት ብዙ ጊዜ ያወጣዋል። አንድ ሌላ ነገር፤ ኢናሜል ላይ ላከር አይረጭም፣ ከሥር ያለውን ይበላዋል፣ ቆዳው ይሸበሸባል። የእውነተኛ መኪና ላከርም በባዶ ፕላስቲክ ላይ አይሆንም፣ ፕላስቲኩን ራሱን ይሰነጣጥቀዋል። ፕራይመር፣ የሥር ቀለሙ፣ መጀመሪያ፣ ያውም በስሱ።

ደምሴ፦ ጨረስሽ?

ሂሩት፦ ለጊዜው።

ደምሴ፦ እንግዲያው ጎማ።

ሂሩት፦ ጣሪያ አይደል የሚሉት?

ደምሴ፦ ጎማ ሳይኖር ቁመቱ በምን ይታወቃል? ሆት ሮድ ፊቱ ጎንበስ፣ ኋላው ቀና ማለት አለበት። የኋላ ጎማ 29 ሚሊ፣ የፊቱ 25 ሚሊ ቢሆን መሃላቸው በ2 ሚሊ ይለያያል። እዚህ ላይ ነው ቆርኪ የሚመጣው።

ሂሩት፦ ኧረ ጋሽ ደምሴ!

ደምሴ፦ ስሚኝ! የለስላሳ ቆርኪ ጠርሙሱ ላይ እንዳለ 29 ሚሊ ገደማ ነው። በ25 አባዢው፤ 725 ሚሊ፣ 28 ኢንች ተኩል። የሆት ሮድ የኋላ ጎማ ቁጭ! ልጆቻችን በሽቦና በቆርኪ መኪና ሲሠሩ ልኩን ያውቁታል።

ሂሩት፦ ቆርኪ 21 ጥርስ አለው። 21 ጥርስ ያለው ጎማ?

ደምሴ፦ ጥርሱ ላይ ከመነዳሪ ይጠመጠማላ! የብስክሌት ከመነዳሪ በ7 ሚሊ ስፋት ተቆርጦ በሱፐር ግሉ።

ሂሩት፦ ያኔ 29 መሆኑ ይቀራል። ከመነዳሪው 1 ሚሊ ቢሆን ዲያሜትሩ 31 ይገባል፤ ከፓራፋንጎ... እሺ፣ ፓራፋንጎ የለውም።

ደምሴ፦ የለውማ!

ሂሩት፦ ቢሆንም በመክፈቻ የተነሳ ቆርኪ ይታጠፋል፣ ክብ አይሆንም። መሃሉን በትክክል ካልበሱት ደግሞ መኪናው እንደ አንካሳ ነው የሚሄደው።

ደምሴ፦ ሞዴል ነው፣ አይሄድም።

ሂሩት፦ ቆሞም ያነክሳል። ለቸርኬው መሸፈኛ ከሆነ ግን እስማማለሁ።

ደምሴ፦ ግማሽ ድል ነው፣ እቀበላለሁ። አሁን ጣሪያ! በእውነተኛው 3 ኢንች እንቆርጣለን እንበል፤ 76 ሚሊ፣ ለ25 ሲካፈል 3 ሚሊ። በመስኮቶቹ ቋሚዎች ላይ ዙሪያውን ሁለት መስመር ስኮች፣ መሃላቸው 3 ሚሊ ክፍት። የሚወድቀው ያ መሃል ያለው ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጋዙ ራሱ ወደ 0.3 ሚሊ ይበላል፤ ሁለት ጊዜ ሲቆረጥ 0.6፣ በእውነተኛው መኪና 15 ሚሊ ማለት ነው። ስለዚህ መጋዙ በሚወድቀው በኩል ይሂድ፣ ስኮቹን አይንካ፣ የቀረውን ሞረድ ይጨርሰው።

ሂሩት፦ በሲጌቶ ነው የሚቆርጡት?

ደምሴ፦ ሲጌቶው ለፎቶ ነው። ጥርሱ ሻካራ ነው፣ ቋሚውን ይሰብረዋል። ቀጭን የምላጭ መጋዝ፣ እሱ ከሌለ የከተር ጀርባ ደጋግሞ ማስኬድ። በሮቹም ከውስጥ በስኮች ይታሰሩ፣ ቦዲው እንዳይከፈት። የ1932ቱ የፊት መስታወት ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ጣሪያው ሲወርድ ቋሚዎቹ ብዙም አይሳሳቱም። እንደ 1949 ሜርኩሪ የተጋደመ ቢሆን ግን ጣሪያውን መሃል ለመሃል ቆርጦ ማስረዘም ይመጣ ነበር።

ሂሩት፦ ያለ ጣሪያ መቁረጥም ሆት ሮድ ይሆናል፣ ይሄን ተናግሬ ልለፍ።

ደምሴ፦ ይሆናል፤ ግን ኮፍያ እንዳደረገ ሰው ነው የሚመስለው። ቋሚዎቹ ውስጥ 0.5 ሚሊ ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያ፣ ቀጭን ሽቦ እንደ ብረት ዘንግ። አራቱም ላይ ጠብታ ጠብታ ሱፐር ግሉ ብቻ፣ ከፊት አይቶ፣ ከኋላ አይቶ፣ ከዚያ መሙላት። ክፍተት ካለ ሱፐር ግሉ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስነስ፤ ያን ጊዜውኑ ድንጋይ ይሆናል።

ሂሩት፦ ችግሩም ድንጋይ መሆኑ ነው። ካደረ ከፕላስቲኩ ይጠነክራል፤ ሲያሹት ዙሪያው ይጎደጉዳል፣ እሱ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። በሁለት የሚደባለቀው የመኪና ስቱኮ በስሱ ይሻላል።

ደምሴ፦ በሰዓቱ ካሹት አይጎደጉድም።

ሂሩት፦ በሰዓቱ የሚያሽ ካለ።

ደምሴ፦ እሺ፣ ለትንሿ ሶዳ፣ ለሰፊው ስቱኮ። መስታወቱስ? የሲዲ ሽፋን...

ሂሩት፦ ወፍራም ነው። 1.2 ሚሊ በ25 ሲባዛ 3 ሳንቲ፣ የባንክ መስኮት ሆነ! የሸሚዝ ማሸጊያው ስስ ፕላስቲክ 0.2 ሚሊ ገደማ ነው፣ እሱ ይበቃል። የሚለጠፈውም በነጩ የእንጨት ኮላ ነው፤ የሱፐር ግሉ ትነት መስታወቱን ነጭ ያለብሰዋል።

ደምሴ፦ በይ የመጀመሪያዋን ጠብታ እዚሁ ላስነካ። ያዢልኝ ቦዲውን።

ሂሩት፦ ቆይ፣ ቆይ! ጋቢዎን!

ደምሴ፦ ዛሬ ቀለም የለም፣ አላወልቅም አልኩ!

ሂሩት፦ ለክሩ አይደለም። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ከፈሰሰ ይግላል፣ ጭስ ያወጣል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ጋቢው ደግሞ ጥጥ ነው።

ደምሴ፦ ...እንዲህ ብትይኝ ከመጀመሪያው አወልቅ አልነበረም? ያዢው፣ እዚያ ወንበር ላይ ጣይልኝ።