ጭር ያለ የባሕር ዳርቻ እንዴት እመርጣለሁ?

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጅማ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

«ጅማ ቁጭ ብለህ የምን ውቅያኖስ ነው? ቦዬ አለልህ፣ ጎጀብ አለልህ» የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አሉ፣ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን እኛ ደኑና ተራራው መሐል ነው ያደግነው። የትም ብትዞር ዓይንህን የሚይዘው ነገር አለ። ባሕር ዳር ስትቆም ግን የሚይዘው የለም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ያንን በሙዚቃና በሰው ጫጫታ መሐል ማየት አልፈልግም። ለዚህ ነው ጭር ያለውን ቦታ የምፈልገው።

የማወራችሁ ስለ ኬንያ ዳርቻ ነው። በሞያሌ አድርጎ በናይሮቢ በኩል ሞምባሳ ድረስ በመኪና ይኬዳል፣ መንገዱ ረጅም ቢሆንም።

መጀመሪያ ጊዜውን እንምረጥ። በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ዳርቻው በሰው ይሞላል፣ ናይሮቢ ራሷ ወደዚያ የወረደች ነው የሚመስለው። ያ ሁሉ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ የእኛ ገናና ጥምቀት ይመጣል። የዳርቻው ሰዎች ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስበት ወቅት ነው፣ ደረቅና ሞቃት። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን ደግሞ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ይመጣል፣ ባሕሩ ይናወጣል፣ አሸዋው ላይም የባሕር ሣር ይከመራል። ለድንኳን እኔ የጥምቀቱን ሰሞን እመርጣለሁ።

ቦታውስ? ታዋቂው ከሞምባሳ በስተ ደቡብ ያለው ዲያኒ ነው። ከሱ በስተ ሰሜን፣ ኮንጎ የሚባለውን ትንሽ ወንዝ (ትልቁን የኮንጎ ወንዝ ማለቴ አይደለም) ተሻግራችሁ ቲዊ አለ። ጎረቤታሞች ናቸው፣ ግን ቲዊ ሰው ያንሳል። ፊት ለፊቱ ያለው ኮራል፣ ማለትም ባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ አጥር የተዘረጋው ነገር፣ ትልቁን ሞገድ ስለሚሰብረው ውስጡ ረጋ ያለ ነው፣ ደርሶ መልስ ለሚሄድ ሰው ይመቻል። የበለጠ ዱር የሆነ የሚፈልግ ደግሞ ከማሊንዲ በስተ ሰሜን ወደ ማምብሩይ ይሂድ። አሸዋው ረጅም ነው። የሳባኪ ወንዝ እዚያው አካባቢ ስለሚገባ በዝናብ ወቅት ባሕሩ ራሱ ይደፈርሳል፣ ግቤ በክረምት እንደሚደፈርሰው። ሞገዱም ቀጥታ ዳርቻው ድረስ ይመጣል። ውበቱም አደጋውም ያ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ዋና የተማርነው ወንዝ ላይ ነው፣ ጭራሽ ያልተማርንም አለን። ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚወስድህ። ባሕር ግን ወደ ዳር እየገፋህ ያለ መስሎህ ወደ ውስጥ ሊጎትትህ ይችላል። ሞገዱ ግራና ቀኝ እየተሰበረ መሐሉ ላይ ጸጥ ያለ መንገድ ካያችሁ፣ እባካችሁ በዚያ አትግቡ፤ ውሃው ተመልሶ ወደ ጥልቁ የሚወጣበት እሱ ነው። ከያዛችሁም ቀጥታ ወደ ዳር አትታገሉ፣ ጉልበት ትጨርሳላችሁ። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙና ከጅረቱ ውጡ፣ ከዚያ ተመለሱ። ጭር ያለ ቦታ ነፍስ አድን የለም። ሰው ሳይኖር ለብቻ መዋኘትን እኔ በጭራሽ አልደግፍም።

ድንኳን የምትተክሉ ደግሞ ጨረቃዋን እዩ። ባሕሩ በየስድስት ሰዓቱ አካባቢ ይሞላል፣ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ሞምባሳ አካባቢ ከ3 ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሰፊ ሆኖ ያያችሁት አሸዋ ሌሊት ላይኖር ይችላል። ደረቅ የባሕር ሣር በመስመር ተከምሮ ታያላችሁ፣ ውሃው የደረሰበት ምልክት ነው። ከሱ በላይ ራቅ ብላችሁ ትከሉ። ከኋላው ገደል የሆነ ጠባብ አሸዋ ላይ ግን አትደሩ፣ መውጫ የለውም። ውሃው ሲጎድል ኮራሉ ድረስ በእግር መሄድ ደስ ይላል፣ ጫማ አድርጉ፣ እሾሃም ነገር አለ፣ መሙላት ሳይጀምርም ተመለሱ።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው የማይበዛበት እንጂ ሰው የሌለበት ዳርቻ አልመርጥም። የምፈልገው ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን የሚያሳርፉበት መንደር በእግር የሚደረስ ርቀት ላይ ያለበትን ነው። ኬንያ ውስጥ በየጀልባ ማረፊያው ራሳቸው አጥማጆቹ የሚያስተዳድሩት ማኅበር አለ። ሄዳችሁ ሰላም በሉ፣ የት ማደር እንደሚቻል፣ የት መዋኘት እንደማይቻል ጠይቁ፣ ዓሣም ከነሱ ግዙ። በካርታ ብቻ የመረጥነው ቦታ የሰው ደጅ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ አንድ የማናውቀው ሰው መጥቶ ቡናችን መሐል ድንኳን ቢተክል ምን እንላለን?

ሌላ ደግሞ፣ ከጅማ ስትነሡ ዕቃችሁን በፌስታል አትቋጥሩ፣ ኬንያ ከ2017 ጀምሮ ከልክላዋለች (እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ማታም መብራት ቀንሱ። ዋታሙን በመሳሰሉ ቦታዎች የባሕር ኤሊዎች ሌሊት ወጥተው አሸዋ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፣ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ደግሞ ብርሃን ተከትለው ነው ባሕሩን የሚያገኙት። የእኛ ባትሪ ወደ የብስ ይመልሳቸዋል።

እኔ ለጥምቀት ማምብሩይን አስቤያለሁ። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ በቴሌግራም ይጻፍልኝ፣ ዋና የማይችልም ይምጣ፣ ዳር ላይ እንቀመጣለን። ቡናውን እኔ ይዣለሁ።