ከጎደለው ዘረመል የሚነሳ ዕጢ

ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ የሕክምና ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎችና የሕሙማን ቤተሰቦች፤

የፓቶሎጂ ሐኪም ውሎው ከሕመምተኛው ጋር ሳይሆን ከሕመምተኛው ገላ ከተወሰደች የጥፍር ያህል ሥጋ ጋር ነውና ቤተሰብ ፊት ለፊት ቀርቦ የሚጠይቀን እምብዛም ነው። አንዲት እናት ግን የልጃቸውን የምርመራ ውጤት ሊወስዱ መጥተው፣ ወረቀቱን ሳይገልጡ፣ «ልጄ ሕፃን ሳለ ከዛፍ ወድቆ ነበር፤ ያን ጊዜ ወዲያው ሐኪም ቤት አለመውሰዴ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ዕለት በችኮላ የሰጠኋቸውን መልስ ዛሬ ከእናንተ ፊት ቆሜ በሚገባው መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የልጃቸው ሕመም ግሊዮብላስቶማ ነበር፤ በአዋቂዎች አንጎል ውስጥ ከሚነሱት አደገኛ ዕጢዎች መካከል በብዛት የሚታየው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ናሙና ሲመጣልን በፓራፊን ሰም ተነክሮ ከሽንኩርት ልጣጭ ይልቅ ሳስቶ ይቆረጣል፤ ከዚያም ፒቴን የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይፈስበታል፤ ፕሮቲኑ ባለበት ሁሉ ቡናማ ቀለም ይወጣል። በብዙ ናሙናዎች ላይ በማይክሮስኮፕ የማየው የደም ሥሮቹ ግድግዳ ቡናማ ሆኖ፣ በዙሪያቸው የተጨናነቁት የዕጢ ሕዋሳት ግን ፈዛዛ ሰማያዊ ብቻ ሆነው ነው። የደም ሥሩ መቅለሙ ምርመራው በትክክል መሠራቱን ይመሰክራል፤ የዕጢው አለመቅለም ደግሞ ፕሮቲኑ ከነዚያ ሕዋሳት መጥፋቱን ይነግረናል።

ፒቴን እንዲሠራ የሚያዝዘው ዘረመል የሚገኘው በ10ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ተመራማሪዎች በግሊዮብላስቶማ ሕዋሳት ውስጥ ይህ ክሮሞዞም በከፊል ወይም በሙሉ ደጋግሞ መጥፋቱን አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ከጠፋው ውስጥ ዋነኛው የትኛው እንደሆነ ግን እስከ 1997 እ.ኤ.አ. አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ ወደ አንዱ ዘረመል ደረሱ። የተገኘው በመጉደሉ ምክንያት ነው፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር የእነዚያ ሰዎች ትዕግሥት ይደንቀኛል።

የፒቴን ሥራ ምንድን ነው? አንድ ሕዋስ «እደግ» የሚል መልእክት ከውጭ ሲደርሰው፣ በሽፋኑ ላይ በሚገኝ የስብ ሞለኪውል ላይ ፎስፌት የተባለ አንድ ትንሽ ኬሚካዊ ቅንጣት ይጨመራል። ያ ፎስፌት የተለጠፈበት ሞለኪውል አክት የተባለውን ፕሮቲን ወደ ሽፋኑ ይጠራል፤ አክትም ሕዋሱ እንዲያድግ፣ እንዲከፋፈልና እንዳይሞት ትእዛዝ ያስተላልፋል። ፒቴን ያንኑ ፎስፌት መልሶ ያነሳል፤ መልእክቱ አድርሶ ሲያበቃ ጥሪውም ያበቃል። ፒቴን ከሌለ ግን እንግዳው ከሄደ በኋላም የሚያንኳኳ በር እንዳለ ሁሉ፣ ትእዛዙ ላኪ ሳይኖረው ይቀጥላል። በብዙዎቹ ዕጢዎች ላይ ደግሞ የዕድገት መልእክት ተቀባዩ ኢጂኤፍአር ከመጠን በላይ ተባዝቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ጥሪው ይበረታል፣ ጥሪውን የሚያስቆመውም የለም።

እያንዳንዱ ሕዋስ ዘረመሉን በሁለት ቅጂ፣ አንዱን ከአባት ሌላውን ከእናት፣ ይዞ ይፈጠራል። አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የሕፃናትን የዓይን ካንሰር አጥንቶ ዕጢው እንዲነሳ ሁለት ጉዳት እንደሚያስፈልግ ያቀረበው ሐሳብ እዚህም ይሠራል፤ በግሊዮብላስቶማ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ቅጂ ከክሮሞዞሙ ጋር አብሮ ይጠፋል፣ በቀረው ላይ ደግሞ የዘረመል ፊደል ስሕተት (ሚውቴሽን) ይደርስበታል። በርግጥ ፒቴን ግማሹ ብቻ ሲጎድልም ጉዳቱ ይታያል።

ነገር ግን የፒቴን መጥፋት ብቻውን ካንሰር አያመጣም፤ ተማሪዎቼ ይህንን እንዲይዙልኝ አጥብቄ እፈልጋለሁ። ከአይጦች አንጎል ፒቴን ብቻ ሲወገድ የነርቭ ሕዋሳቱ ከልክ በላይ ገዘፉ፣ አንጎሉም ተለቀ፤ አደገኛ ዕጢ ግን አልሆነም። ከነርቭ ግንድ ሕዋሳት ፒቴንና ፒ53 አብረው ሲወገዱ ግን አደገኛ ዕጢ ተነሳ። ፒ53 የዘረመል ጉዳት የደረሰበትን ሕዋስ የሚያቆም ወይም የሚገድል ነውና፣ የፒቴን መጥፋት ማደግን ያለ ገደብ ሲፈቅድ፣ የፒ53 መጥፋት ደግሞ የመሞትን ግዴታ ያነሳል።

ለእናትየውም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፦ እነዚህ ጉዳቶች በአብዛኛው ሰው በሕይወት ሳለ በአንድ ሕዋስ ውስጥ የደረሱ ናቸው እንጂ ከወላጅ የተወረሱ አይደሉም፤ ከዛፍ መውደቁም፣ የእርሳቸው መዘግየትም ፒቴንን ከልጃቸው አልወሰደም። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ታዲያ የጠፋውን መመለስ አይቻልም?» አሉኝ።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት ከመጠን በላይ የሚሠራን ፕሮቲን መዝጋት ይችላል፤ የሌለን ነገር ግን መዝጋት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ኢጂኤፍአርን የሚያግዱ መድኃኒቶች ዕጢያቸው ለየት ያለ የኢጂኤፍአር ለውጥ ኖሮት ፒቴን ያልጠፋባቸውን ሕሙማን የተሻለ እንደረዱ አሳይቶ ነበር፤ በሰፊው ሲሞከሩ ግን ሕይወት አላራዘሙም። በዚያው ዓመት መደበኛ ሕክምና የሆነው ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የተባለው የካንሰር መድኃኒት በጥምር ሲሰጡ፣ ሕሙማኑ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ አማካይ ነጥብ (ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች የኖሩበት) 14.6 ወር ነው። የጎደለውን ፕሮቲን ራሱን መልሶ ማስገባት፣ ወይም ፒቴን በሌለበት የሚፈታውን ጥሪ ከታች መቁረጥ፣ እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚደከምበት ጥያቄ ነው፤ እኒያ እናት የጠየቁትም እርሱኑ ነበር።