ታንኳው ውኃ ላይ እያለ ደንገሉ አይቀየርም፦ የኢኮኖሚክስ ካሪኩለም ሲከለስ

ሰላም ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናወራው ከጣና ዳር ነው። ከጀርባዬ የሚሰማችሁ ወደ ዘጌ ሰው የሚጭን የሞተር ጀልባ ነው። ከረበሻችሁ ይቅርታ። ቦታውን የመረጥኩት ግን በምክንያት ነው፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጎርፍልኝ። «ወንድም፣ የኢኮኖሚክስ ካሪኩለም ሊከለስ ነው አሉ። እኛ ሦስተኛ ዓመቶቹ ወደ ኋላ ልንመለስ ነው?» አትመለሱም። የጀመራችሁበትን ካሪኩለም ይዛችሁ ትጨርሳላችሁ፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው። መልሱን ነገርኳችሁ፣ ግን እንዳትሄዱ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ካልገባችሁ ነገ ሌላ ወሬ ሲመጣ ደግሞ ትደነግጣላችሁ።

እስኪ መጀመሪያ ታንኳ እንሥራ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ዳር ላይ አንድ አባት ታንኳ ሲያስሩ ቁጭ ብዬ አየሁ። ይህን ሙያ ከትውልድ ትውልድ ይዘው የቆዩልን የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ከዚያ አንዱ ነዶ ከሌላው ይጠፈራል። ገመዱን ሲያጠብቁ በእግራቸው ረግጠው፣ ወደ ኋላ ተለጥጠው ነው የሚስቡት። ደንገሉ ሲጨመቅ «ጭርር» ይላል። ምስማር የለም፣ ሙጫ የለም። ሁሉን የያዘው እስሩ ነው።

ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ከታች ያለው ነዶ ቢበሰብስ እሱን ብቻ አውጥተው ሌላ መክተት አይቻልም?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ እሱን ስታወጣ የያዘው ሁሉ ይፈታል። ስትፈታው ደግሞ ሰው ላዩ ላይ አይኑር።»

ቤተሰብ፣ ስለ ካሪኩለም ክለሳ ካነበብኩት ሁሉ ይቺ ትበልጥብኛለች። ደግሜ ልበላት፦ እሱን ስታወጣ የያዘው ሁሉ ይፈታል፤ ስትፈታው ሰው ላዩ ላይ አይኑር።

ወደ እኛ እናምጣው። ነዶው ኮርስ ነው። ካልኩለስ አንድ ነዶ፣ ስታቲስቲክስ አንድ ነዶ፣ ማይክሮ (የግለሰቡና የድርጅቱ ኢኮኖሚ) አንድ፣ ማክሮ (የአገሩ ጠቅላላ ኢኮኖሚ) አንድ። ገመዱ ደግሞ ፕሪሪኩዚት የምንለው ነው። ይህን ሳትወስድ ያንን አትወስድም የሚለው። ላዩ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ የጀመራችሁበትን ይዛችሁ የምትጨርሱት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ክለሳ ሲባል ነዶ ይቆጥራል። ስንት ኮርስ ተጨመረ? ስንት ተቀነሰ? እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ገመዱን ነው።

ከራሴ ልንገራችሁ። እኔ ስማር፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ በአንድ ሴሚስተር ተጫኑብን። ኢኮኖሜትሪክስ ማለት ስታቲስቲክስን ይዞ የኢኮኖሚ መረጃ መመርመር ነው። ጠዋት የኢኮኖሜትሪክስ መምህሩ ሪግሬሽን፣ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚለካበትን ስሌት፣ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከሰዓት ሌላው መምህር ገና ስለ አማካይ ያስተምራል። አንድ ጎበዝ ጓደኛ ነበረኝ፣ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያነብ ልጅ። ኢኮኖሜትሪክስን ኤፍ አገኘ። በዓመቱ ስታቲስቲክሱን ጨርሶ ሲደግመው ኤ አመጣ። ልጁ ያው ልጅ ነው። ኮርሱም ያው ኮርስ። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ያ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ሰነፍ ነኝ ብሎ አምኖ ነበር።

እዚህ ላይ ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉልኝ፣ ደወሏንም ተጫኑ። ለዲፓርትመንት ጓደኞቻችሁ ላኩላቸው። እሺ፣ ቀጠልን።

አሁን ወደ ገመዱ ዝርዝር ልገባ ነበር። ግን አንድ ነገር ሳልፈታ አላልፍም። ካለፈው ቪዲዮ በኋላ ስንቶቻችሁ እንደጻፋችሁልኝ! «ኢኮኖሚክስ እኮ ስለ ገንዘብ ነው። ካልኩለስ ምን ያደርግልናል? ማቴው ተማሪ ለመጣል የገባ ነው። ሲከለስ ይውጣልን።»

አይደለም ወዳጆቼ። ኑ፣ ዓሣ እናጥምድ።

ለምሳሌ ያህል ነው፣ ቁጥሩን ራሴ ነኝ የፈጠርኩት። አንድ ዳርቻ ላይ 10 ጀልባ ያጠምዳል እንበል። እያንዳንዱ በቀን 20 ኪሎ ያገኛል። ጠቅላላ 200 ኪሎ። አሥራ አንደኛው ሰውዬ መጣ። ዓሣው ስለሚከፋፈል አሁን እያንዳንዱ 19 ኪሎ ይደርሰዋል። 11 ሲባዛ በ19፣ 209። ሰውዬው 19 ኪሎ ይዞ ቤቱ ገባ፣ ደስ ብሎታል። ከሐይቁ የወጣው ግን በስንት ጨመረ? በ9 ኪሎ ብቻ። የቀረውን 10 ኪሎ ያገኘው ከጎረቤቶቹ መረብ ነው። አሥራ ሁለተኛው ሲመጣ እያንዳንዱ 17 ኪሎ ሆነ እንበል። ጠቅላላው 204። አያችሁ? አንድ ጀልባ ተጨምሮ ጠቅላላው በ5 ኪሎ ቀነሰ። አሥራ ሁለተኛው ሰውዬ ግን አሁንም 17 ኪሎ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ነገም ይመጣል። አሥራ ሦስተኛውም ይከተለዋል።

ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። እሱ የሚያየው አማካዩን ነው። ሐይቁ የሚያውቀው ደግሞ ያቺን የመጨረሻዋን ጭማሪ ነው። ያቺ ጭማሪ ማርጂናል ትባላለች። እሷን በትክክል መለኪያው ካልኩለስ ነው፣ ዴሪቬቲቭ ማለት እሷው ናት። ካናዳዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ስኮት ጎርደን በ1954 እ.ኤ.አ. ባለቤት በሌለው ውኃ ላይ ዓሣ አጥማጆች ለምን ትርፋቸውን ራሳቸው እንደሚያጠፉት ያሳየው በዚሁ ሐሳብ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ሰዎች ተስማምተው ደንብ ቢያወጡ የጋራ ሀብት ሊተርፍ እንደሚችል አሳይታ በ2009 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመች። በኢኮኖሚክስ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ይህ የእኛ ጉዳይ ነው። በክረምት ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ሲወጣ፣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። ይህን ቁጭ ብሎ አስልቶ፣ «ይህን ያህል ጀልባ፣ በዚህ ወር» ብሎ የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል። ያ ሰው እናንተ ናችሁ። ካልኩለሱን አውጡልን ስትሉ ይህን ነው የምታስወጡት። መምህሩ እንዲህ በዓሣ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁ፣ እሱን እደግፋለሁ።

እሺ፣ ጊዜ ሄዷል፣ የቀረውን ቶሎ ቶሎ። መሠረቱን ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። ዲፓርትመንቱ የፍላጎት ዳሰሳ ይሠራል፣ ከቀጣሪም ከተመራቂም ይጠይቃል። ረቂቁ በውስጥና በውጭ ገምጋሚ ይታያል። ከዚያ አካዳሚክ ኮሚሽን፣ ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ያጸድቀዋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዋና ዋና ኮርሶች በአገር አቀፍ ደረጃ የተጣጣሙ ስለሆኑ፣ አንድ ዲፓርትመንት ብቻውን ተነስቶ ማክሮን አያወጣም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሬሽማን (የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት) ስለተመለሰ ለሜጀሩ፣ ማለትም ለዋናው ዘርፍ፣ በደንብ የሚተርፈው ሦስት ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ። ፈተናው ውስጥ ያለን ኮርስ የሚቀንስ ክለሳ ተማሪውን ባዶ እጁን ነው የሚልከው። ገመዱ ደግሞ ይህ ነው፦ ካልኩለስ ከማይክሮ ሁለት በፊት፣ ስታቲስቲክስ ከኢኮኖሜትሪክስ በፊት። በቃ።

እኔ ብጠየቅ? ስታቲስቲክስን ወደ ፊት አመጣዋለሁ፣ ከመጀመሪያው ቀን ከኮምፒውተር ጋር። ተማሪው ወረታ ገበያ ሄዶ የፎገራን ሩዝ ዋጋ ራሱ መዝግቦ ይምጣ፣ ከዚያ ሪግሬሽኑን በገዛ ቁጥሩ ይሥራ። የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክን ደግሞ አልነካም። ክለሳ ሲመጣ ቶሎ የሚታሰበው እሱን ማውጣት ነው፣ ያሳዝነኛል። በ2011 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ተማሪዎች የኢኮኖሚክስ መግቢያ ክፍላቸውን ጥለው ሲወጡ ቅሬታቸው አንድ ዓይነት አመለካከት ብቻ ነው የምንማረው የሚል ነበር። ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ ነው ይህ። በየዘመኑ ሰው ምን እንዳሰበ የማያውቅ ተማሪ፣ የያዘው ሞዴል የት ላይ እንደሚሰበር በምን ያውቃል?

አሁን ውስጤ ያለውን ልንገራችሁ። ታንኳው ላይ ስላላችሁት ብዙም አልሰጋም። የምሰጋው ወርደው ለቆዩት ነው። በክልላችን ባለፉት ዓመታት የስንቱ ተማሪ ትምህርት እንደተቋረጠ ታውቃላችሁ። ዊዝድሮዋል (ትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልቶ የወጣ ልጅ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ አብሮት የገባው ባች ሄዷል። የሚገባው አዲስ ካሪኩለም ከሚማር ባች ጋር ነው። የወሰደው ኮርስ ስሙ ተቀይሯል፣ ወይም ለሁለት ተከፍሏል፣ ወይም ጠፍቷል። ለዚህ ልጅ መፍትሔው የአቻ ሠንጠረዥ ነው፦ የድሮው ይህ ኮርስ በአዲሱ በዚህ ይተካል የሚል አንድ ገጽ። አንድ ገጽ ናት! ክለሳው ሲጸድቅ አብራ ካልጸደቀች ልጁ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሴሚስተሩ ያልቃል።

ስለዚህ ዲፓርትመንት ውስጥ ተወካይ የሆናችሁ፣ ስብሰባ ስትጠሩ መጀመሪያ ይህችን ገጽ ጠይቁ። ተመላሾች ደግሞ የገባችሁበትን ዓመት ካሪኩለም ኮፒ አውጡ፣ ፕሪሪኩዚቶቹን በእስክሪብቶ አክብቡ፣ አቻውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በማኅተም ተቀበሉ። ምን እንደሚጻፍ ካላወቃችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ማመልከቻውን አብረን እናዘጋጃለን። ከነገ ጠዋት ጀምሮ እመልሳለሁ።