«ስሌደስት» አልበም አይደለም ላላችሁኝ

የተከበራችሁ ጋሼዎቼ፣ እትዬዎቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። እንኳን ለዓመታዊው የሙዚቃ ምሽታችን በሰላም አደረሳችሁ።

ኮሚቴው የሰጠኝ ሥራ አጭር ነው። ዛሬ የምንሰማውን ሸክላ አስተዋውቅ ተብያለሁ። አስተዋውቃለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ጉዳይ አለ። እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ባለፈው ስብሰባ ስሌድ የተባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ሸክላ፣ «ስሌደስት»ን፣ ሳቀርብ የተባለውን ታስታውሳላችሁ። «ይሄ እኮ አልበም አይደለም፣ ጥርቅም ነው» ተባለ። ይህን ያሉት ጋሼ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አክብሮቴ አሁንም እንዳለ ነው። ያንገበገበኝ የአዳራሹ ሳቅ ነው። ከዚያ ደንባችን ተጠቀሰ። ስብስብ፣ ማለትም ቀድመው የወጡ ዘፈኖች የተሰበሰቡበት ሸክላ፣ ለዓመቱ ምርጥ አልበም አይወዳደርም ይላል። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እንድናዳምጠው ተፈቀደ፤ እንዲወዳደር ግን አልተፈቀደም።

እሺ፣ ጥርቅም የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እዚህ እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ለምንኖር ሰዎች ስሌዶች የጎረቤት ልጆች ናቸው። አካባቢያቸው፣ ዎልቨርሃምፕተንና ዋልሶል፣ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ኖዲ ሆልደር ይዘፍናል፤ ያ የሚሰነጥቅ ድምፅ የሱ ነው። ጂም ሊ ቤዝና ቫዮሊን ይጫወታል። ዴቭ ሂል ጊታር፣ ዶን ፓወል ድራም። አራቱ ከ1966 ጀምሮ አብረው ነበሩ። የመጀመሪያውን ተወዳጅ ዘፈናቸውን ያገኙት ግን በ1971 ነው። በመሃል ስማቸው ተቀያየረ። ማናጀራቸው ቻስ ቻንድለር ጊታሪስቱን ጂሚ ሄንድሪክስን ወደ ለንደን ያመጣው ሰው ነው። እሱ እንኳ ምን እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶት ጸጉራቸውን አስላጭቶ ነበር። አልሠራም።

አንዱን ታሪክ ዘርዘር ላድርገው፣ ለነገሬ ያስፈልገኛል። በ1969 ለመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ፎቶ ሊነሱ ዋልሶል አጠገብ ፑክ ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ወጡ። ብርዱ ሌላ ነው። የዚህን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጃኬት ለብሳችሁም አጥንት ይገባል። እነሱ ከወገብ በላይ ራቁታቸውን ቁሙ ተባሉ። ቆሙ። አልበሙ ወጣ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ብርዱ ብቻ ቀረላቸው። ታዲያ እነሱ ምን አደረጉ? ስለዚያ ቀን ዘፈን ጻፉ። የዘፈኑም ስም «ፑክ ሂል» ነው። በ1970 በወጣው ቀጣይ አልበማቸው ውስጥ አለ። እሱም አልበም አልተሸጠም።

አሁን ወደ 1973 ኑ። ስሌዶች የእንግሊዝን የሽያጭ ሰንጠረዥ ተቆጣጥረውታል። ኖዲ ሆልደር መስታወት የተለጣጠፈበት ረጅም ባርኔጣ አድርጓል። ዴቭ ሂል ከላይ እስከ ታች ያብለጨልጫል፣ የጫማው ተረከዝ ሰማይ ነው። ግላም ሮክ ማለት ይሄ ነው፤ የፋብሪካ ከተማ ልጆች በቴሌቪዥን ንጉሥ ሲሆኑ። አምስት ዘፈን አንደኛ ወጥቶላቸዋል። ከነሱ «ከም ኦን ፊል ዘ ኖይዝ» እና «ስኩዊዝ ሚ ፕሊዝ ሚ» በወጡበት ሳምንት በቀጥታ አንደኛ የገቡ ናቸው።

ጁላይ 4 ቀን «ስኩዊዝ ሚ ፕሊዝ ሚ» ገና አንደኛ ላይ እንዳለ ዶን ፓወል ዎልቨርሃምፕተን ውስጥ የመኪና አደጋ ደረሰበት። እጮኛው ሞተች። እሱ ለቀናት ራሱን ስቶ ቆየ። ሲነቃ የማሽተትና የመቅመስ ስሜቱ የለም። ትዝታውም ተጎድቷል። ተመልሶ ድራሙ ላይ ሲቀመጥ ጓደኞቹ ዘፈኑን እያስታወሱት ነበር የሚመታው። ይህ ችግር ለዓመታት አልለቀቀውም። «ስሌደስት» የወጣው ከአደጋው ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር ነው። አልበሙም አንደኛ ወጣ። እኔ ሸክላውን ስሰማ ሁልጊዜ ጆሮዬ ድራሙ ላይ ነው።

አሁን ጥርቅም ላላችሁኝ መልሴን ልስጥ።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ነጠላ ዜማ ነጠላ ነው፤ አልበምም ለብቻው አልበም ነው። አንደኛ ከወጡት አምስት ዘፈኖች አራቱ በየትኛውም የስሌድ የስቱዲዮ አልበም ላይ አልነበሩም። «ኮዝ አይ ላቭ ዩ»ን፣ ያንን የጂም ሊን ቫዮሊን፣ በትልቅ ሸክላ ለመስማት የፈለገ ሰው «ስሌደስት»ን መጠበቅ ነበረበት። ታዲያ ምኑ ነው የተደገመው? ምኑ ነው የተጠረቀመው?

ሌላም አለ። ገንዘብ ብቻ ያሰበ ሰው በሰንጠረዡ ላይ የወጡትን ብቻ ደርድሮ ይሸጥ ነበር። አሥራ አራት ዘፈን ነው ያለው። አምስቱ ማንም ያልገዛው የድሮ ሥራቸው ነው! «ዋይልድ ዊንድስ አር ብሎዊን» በ1969 ወድቋል። «ኖው ሁ ዩ አር» በ1970 ወድቋል። አሁን ከአንደኛዎቹ ጎን ቆመዋል። የሸክላውን አንደኛ ፊት ስሙ፤ «ስኩዊዝ ሚ ፕሊዝ ሚ» እንዳለቀ የሚመጣው «ፑክ ሂል» ነው። የድሉ ጩኸት፣ ወዲያው ያ ኮረብታ። ይሄን ቅደም ተከተል ያወጣው ሰው ምን እየሠራ እንደነበር ያውቃል። ስቱዲዮ አልበም ካልሆነ አንሰማም የምትሉ ሰዎች፣ ስንቱ የስቱዲዮ አልበም ነው የባንዱን ሙሉ ሕይወት እንዲህ የሚናገረው?

ደግሞ እኛ! ስብስብን የምንንቅ እኛ! በ1969 አምሃ እሸቴ የመንግሥትን ሞኖፖል ተዳፍረው አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። ትናንሽ ሸክላዎች፣ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን። ብዙዎቹ እየተሰበሩ፣ እየተጫጫሩ ቀሩ። ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ሰበሰባቸው፤ ዓለምም ሙዚቃችንን በዚያ አወቀ። ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጣችኋቸው እነዚያ ሲዲዎች ምንድን ናቸው? ስብስብ ናቸው። እነሱን ጥርቅም ሲል የሰማሁት አንድም ሰው የለም። ለእንግሊዞቹ ሲሆን ነው ሚዛኑ የሚለወጠው?

ዛሬ ስልካችን ዘፈኖችን ራሱ መርጦ ይደረድርልናል። ያን ጊዜ ሰው ነበር የሚደረድረው። ስለዚህ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሰዓቴ ግን እያለቀ ነው። በ1983 የአሜሪካው ባንድ ኳየት ራየት ከነዚህ የስሌድ ዘፈኖች አንዱን ተጫውቶ አሜሪካን እንዳናወጠም ጠቅሼ ልለፍ።

ለኮሚቴው በጽሑፍ ያቀረብኩት ሀሳብ አንድ ነው። ስብስቦችን ከውድድር የሚያግደው አንቀጽ ይሰረዝ፤ «ስሌደስት» ለዘንድሮው ይመዝገብ። ሰብሳቢያችን ከሸክላው በፊት ድምፅ እንዲሰጥበት ፈቅደዋል፣ አመሰግናለሁ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ። ጋሼ፣ ከእርስዎ እንጀምር።