የዲስክ ጎልፍ መለማመጃ፦ ሁለት የብስክሌት ቸርኬና አንድ ስልክ

[ምስል፦ ባሕር ዳር፤ ከብስክሌት ጥገና ቤት ደጅ የተቆለሉ አሮጌ ቸርኬዎች]

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ ለማግኘት ብዙ መንከራተት አያስፈልግም። ዛሬ ከሁለቱ የዲስክ ጎልፍ ቅርጫት እንሠራለን፤ ከዚያም ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ የውርወራችሁን ፍጥነትና ሽክርክሪት እንዴት እንደሚለካ እናያለን።

ለአዲስ ተመልካች ባጭሩ ልንገራችሁ። ጨዋታው ጎልፍ ነው፤ በኳስና በዱላ ፋንታ ግን ዲስክ፣ ማለትም እንደ ሳህን ያለ ክብ ፕላስቲክ፣ ይወረወራል፤ ዲስኩን በትንሽ ውርወራ ቅርጫት ውስጥ የከተተ ያሸንፋል። መጀመሪያ አካባቢ ዒላማው ዛፍ ወይም ምሰሶ ነበር። ባለ ሰንሰለቱን ቅርጫት ያመጣው አሜሪካዊው ኤድ ሄድሪክ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው።

[ምስል፦ ዲስክ ሰንሰለት ሲመታ፣ በዝግታ]

ሰንሰለቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ዲስኩ ሲመታው ቀለበቶቹ ሁሉ ይወዛወዛሉ፤ የዲስኩ ጉልበት እዚያው ያልቅና ቁልቁል ይወድቃል። ስለዚህ ሰንሰለቱን ላላ አድርጋችሁ ስቀሉት። የተወጠረ ሰንሰለት ዲስኩን መልሶ ያነጥረዋል። የብስክሌት ሰንሰለትም አይሆንም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚታጠፈው። የሚያስፈልገን ውሻ የሚታሰርበት ዓይነት፣ በየአቅጣጫው የሚተጣጠፍ ሰንሰለት ነው።

[ምስል፦ በያጁ ቤት]

ባለ 28 ቸርኬ ለታችኛው ቅርጫት አፍ፣ ባለ 26 ደግሞ ሰንሰለቱ ለሚንጠለጠልበት ለላይኛው ክብ ይሁን። ስፋታቸው ከውድድር ቅርጫት ብዙም አይርቅም። ወደ በያጁ ከመሄዳችሁ በፊት ማግኔት አስጠጉበት። ማግኔት ካልያዘው አሉሚኒየም ነውና በተለመደው የብረት ብየዳ አይያያዝም፤ ሌላ ፈልጉ። ራጂዎቹን አውጡና ሁለቱን ቸርኬዎች በፌሮ ከአንድ የውሃ ቱቦ ጋር አስበይዱ። የታችኛው አፍ ከመሬት 82 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የላይኛው ክብ ከእሱ ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ይበል። ከታችኛው ቸርኬ ሥር የሽቦ መረብ እንደ ከረጢት ይታሰርለታል። ቱቦውን አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ በኮንክሪት ትከሉት። በቃ፣ ቆመ። አሁን 10 ሜትር ለኩና መሬት ላይ መስመር አስምሩ፤ በውድድርም የቅርብ ውርወራ፣ ማለትም የፑት ክልል የሚባለው ይኸው ነው።

[ምስል፦ ጓሮ፤ በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሸራ]

ረጅም ውርወራ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ከብትም ልጅም አለ። ስለዚህ የጓሮ መረብ እንሥራ። ማዳበሪያ ከረጢቶችን ሰፍታችሁ አያይዟቸውና ከታች ሳታስሩ በገመድ ላይ ስቀሉ። አጎበር ግን በፍጹም አትጠቀሙ። ጣና ዳር ወባ አለ፤ አጎበሩ የሚተኛበት ሰው አለው።

መረብ ብቻውን ግን ጡንቻ ከማድከም አያልፍም፤ ውርወራችሁ መሻሻሉን የሚነግራችሁ የስልኩ ስሎው ሞሽን ነው። በሴኮንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ፣ ከምትለቁበት ቦታ እስከ መረቡ 5 ሜትር ለኩ። ዲስኩ ከእጃችሁ ከወጣበት ምስል መረቡን እስከነካበት ድረስ ቁጠሩ። 60 ምስል ከሆነ ሩብ ሴኮንድ ማለት ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር። 48 ከሆነ 90 ኪሎ ሜትር። ከዲስኩ ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉና ደግሞ አንድ ሙሉ ዙር ስንት ምስል እንደፈጀ ቁጠሩ። 14,400ን ለዚያ ቁጥር ስታካፍሉ በደቂቃ የሚዞረውን ታገኛላችሁ፤ 16 ምስል ከፈጀ 900 ዙር ነው።

አንዳንድ ስልክ 240 ይላል እንጂ ከመካከል ምስል እየፈጠረ ነው የሚሞላው። ቆጠራችሁን መፈተሽ ግን ቀላል ነው። ከ1 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ድንጋይ ልቀቁና ቅረጹ። ግማሽ ሴኮንድ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ 120 ምስል አካባቢ መቁጠር አለባችሁ። ከዚያ በጣም ከራቀ ወይም ዝላይ ካያችሁ ያንን ቁጥር አትመኑ።

[ምስል፦ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መዳፍ ላይ]

ኤሌክትሮኒክስ የምትወዱ ልጆች «ሴንሰር ዲስኩ ላይ ብንለጥፍስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን ተማሪዎች በብዛት የሚገዙት ርካሹ ኤምፒዩ 6050 የሚባል ቺፕ ሽክርክሪትን በሴኮንድ እስከ 2,000 ዲግሪ ብቻ ነው የሚለካው፤ በደቂቃ 333 ዙር መሆኑ ነው። ዲስካችሁ ግን 900 ይዞራል። ሴንሰሩ ጣሪያውን ነክቶ ይቆማል። መውጫው የዚያኑ ቺፕ የፍጥንጥነት መለኪያ ከዲስኩ መሐል 1 ሳንቲ ሜትር አርቆ መለጠፍና ወደ ውጭ ከሚገፋው ኃይል ሽክርክሪቱን ማስላት ነው። በ900 ዙር 9 ጂ፣ ማለትም የመሬት ስበት 9 እጥፍ ገደማ ይመጣል፤ ቺፑ እስከ 16 ይችላል። ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ከዚህ የተሻለ ፕሮጀክት አይታየኝም።

[ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፤ ዲስክ በአየር ላይ]

ዲስክ ከውጭ የምታስመጡ፣ አየራችን ስስ መሆኑን አትርሱ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በስስ አየር ዲስክ በበረራው ማብቂያ ወደሚታጠፍበት ጎን ቶሎ ያዘነብላል፤ ቀኝ እጁን ከደረቱ አሻግሮ ለሚወረውር ወደ ግራ ማለት ነው። ዲስኩ ላይ ከሚጻፉት አራት የበረራ ቁጥሮች ሦስተኛውን፣ በበረራው መጀመሪያ ወደ ተቃራኒው ጎን ምን ያህል እንደሚያዘነብል የሚነግረውን እዩ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ከዜሮ ይልቅ ወደ −2 እና −3 የሚጠጋው ቀጥ ብሎ ይበርላችኋል።