ይህ ግራጫ የዘንድሮ ነው ወይስ የዱሮ?

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ክፍል የጀመርነውን የተዳፋት መሬት ጉዳይ ዛሬ እንድጨርስላችሁ የምትጠብቁ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ሆኖም ለሌላ ጊዜ ላቆየው ተገድጃለሁ። በአንድ ወንዝ ዳር ያለ ማሳ አፈር አይቼ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። የመሬቱ ባለቤት የሆኑት አዛውንት ስለ ማሳቸው ግራጫ አፈር የጠየቁኝ አጭር ጥያቄ ነው፤ እኔም በዕለቱ የመለስኩላቸው ግማሹን ብቻ ነው። ዛሬ ማይክሮፎኑ ፊት ያስቀመጠኝ የቀረው ግማሽ ነው።

ጥያቄው ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ከወንዙ መጀመር ይሻላል። ወንዝ ሞልቶ ከአልጋው ሲወጣ ውሃው በሜዳው ላይ ይሰፋል፣ ጥልቀቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ጉልበት ያጣ ውሃ የተሸከመውን በየክብደቱ ይጥላል፤ አሸዋው ከወንዙ ዳር ሳይርቅ ይቀመጥና ከፍ ያለ ጠርዝ ይሠራል፣ ደለሉ ወደ ሜዳው ገፍቶ ይረጋል፣ ሸክላው ደግሞ ውሃው ፈጽሞ እስኪተኛ ድረስ ተንሳፎ ይቆይና ዝቅ ባለው ስፍራ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1851 ጆርጅ ስቶክስ ባወጣው ስሌት መሠረት 0.02 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት የደለል ቅንጣት በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃታል፤ 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነችው የሸክላ ቅንጣት ግን ለዚያው አንድ ሜትር ከ3 ቀን በላይ ያስፈልጋታል። ውፍረቱ በ10 እጥፍ ሲያንስ ጊዜው በ100 እጥፍ ይረዝማል ማለት ነው። የጎርፍ ሜዳን አፈር ሳይ ይህን ስሌት ሳላስብ ማለፍ አልችልም፤ የአንድ ማሳ ዕጣ የሚወሰነው ውሃው እዚያ ላይ ስንት ሰዓት እንደቆመ ነውና።

የእኚህ አዛውንት ማሳ የሚገኘው በመካከለኛው ክፍል፣ ደለሉ በረጋበት ቦታ ነው። ደለል ሲባል ከ0.002 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቅንጣት ማለት ነው፤ አንዳንድ ምደባዎች የላይኛውን ወሰን 0.063 ያደርጉታል። ሲደርቅ በጣቶች መካከል እንደ ዱቄት ይልማል፤ ሲርስ ይለሰልሳል እንጂ እንደ ሸክላ አይጣበቅም። ለሰብል የሚሆን ውሃ በመያዝ ረገድ ከደለል የሚበልጥ አፈር ማግኘት ይከብዳል፤ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ጎርፍን እየፈሩም ቢሆን ከወንዝ ሜዳ ያልራቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ይኸው ደለል ውሃ የሚያሳልፍ መንገድ በራሱ መሥራት አለመቻሉ ነው። አሸዋ ሰፋፊ ክፍተቶች አሉት። ብዙ ሸክላ ያለው አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቅና ለሚቀጥለው ዝናብ መንገድ ይከፍታል። ደለል ግን ሰፊ ክፍተትም ሆነ ብርቱ ስንጥቅ የለውም፤ ቅንጣቶቹን አጥብቆ የሚያያይዝ ሸክላም ሆነ ብስባሽ ካነሰው የዝናብ ጠብታ ጓሉን ይንደዋል፣ የተናደው ደቃቅ ክፍተቱን ይደፍናል፣ ሲደርቅም ገጹ ላይ ቡቃያ የማይሰብረው ቅርፊት ይሠራል። ከታች ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ በጠባቦቹ ክፍተቶች እየተሳበ ከአንድ ሜትር በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማሳው ከላይም ከታችም ይርሳል።

ወደ ጉድጓዱ ልምጣ። አካፋዬ ከመኪናዬ ኋላ እንደማይወርድ ታውቃላችሁ፤ አዛውንቱም ገና ሳይጠየቁ ዶማቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ጉድጓዱ ደረት እስኪደርስ ቆፈርን። የላይኛው አፈር ቡናማ ነው። ማረሻ ከሚደርስበት ጥልቀት ጥቂት ዝቅ ሲል አፈሩ በጠፍጣፋ ንብርብር ተጋግሮ ተቀምጧል፤ እዚያው ላይ ነጣ ያለ ግራጫና የዝገት ነቁጥ ተቀላቅለዋል። ከዚያ በታች ቡናማው ጥቂት ተመልሶ ይታይና፣ ከወገብ በታች ሲደርስ አፈሩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ይሆናል። ከላይኛው ግራጫ አንድ ጓል፣ ከታችኛው ሌላ ጓል ቆርጬ ሰጠኋቸው። ሁለቱንም በአውራ ጣቶቻቸው ከፈሏቸው። በታችኛው ጓል ውስጥ የሞተ ሥር ያለፈበት ቀጭን ቀዳዳ ነበር፤ የቀዳዳው ግድግዳ ዙሪያውን ብርቱካናማ ዝገት ለብሷል፣ ከዝገቱ ከጥፍር ውፍረት ባልበለጠ ርቀት ደግሞ ሰማያዊው ግራጫ ይጀምራል። ስለ ሌላ ነገር እያወራን ቆየን። ጓሎቹ ግን በእጃቸው ላይ ነበሩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የታችኛው ጓል የተከፈለ ገጽ ወደ ቡናማ መዞር ጀመረ፤ የላይኛው ጓል እንደነበረ ቀረ። እሳቸው ሁለቱን አጠጋግተው ተመለከቱና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይሄ እያየነው ተለወጠ። ያኛው አልተለወጠም። ታዲያ ይህ ግራጫ የዘንድሮ ነው ወይስ የዱሮ?»

ስለ አፈር ብዙ ሰው ብዙ ጥያቄ ጠይቆኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሰማሁበትን ጊዜ ግን አላስታውስም።

የታችኛውን ለመመለስ አልተቸገርኩም። አፈር በውሃ ሲጠግብ አየር የሚገባበት ክፍተት ሁሉ ይዘጋል። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል አንሶ ስለሆነ፣ ሥሮችና ደቂቅ ዘአካላት የነበረውን በጥቂት ቀናት፣ አፈሩ ሞቃት ከሆነም በሰዓታት ውስጥ ተንፍሰው ይጨርሱታል። ደቂቅ ዘአካላቱ ግን በዚህ ሥራቸውን አያቆሙም። ኦክስጅን ሲያልቅ ናይትሬትን ይጠቀማሉ፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝን፣ ቀጥሎ ብረትን፤ ብረቱም ካነሰ ወደ ሰልፌት ያልፋሉ፣ ያን ጊዜ የበሰበሰ ዕንቁላል ሽታ ይመጣል፤ በመጨረሻም ሚቴን ይፈጠራል። ናይትሬቱ ወደ ናይትሮጅን ጋዝና ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ተለውጦ ወደ አየር ስለሚሄድ፣ ማዳበሪያ የበተነ ገበሬ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሰብሉ ሲገረጣ ቢያይ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው። ብረቱ ደግሞ ከዝገትነት ወደ ሟሟ ዓይነት ይለወጣል፤ ዝገቱ የሰጠው ቡናማ ቀለም ይጠፋና አፈሩ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ይመስላል። አየር ሲነካው ያ ብረት መልሶ ይዝጋል። ስለዚህ በእጃቸው ላይ የተለወጠው ጓል በዚያች ቀን፣ በዚያች ሰዓት ኦክስጅን ከሌለበት ቦታ የወጣ ነው። «ይህኛው የዘንድሮ ነው» አልኳቸው፤ አሁንም በዚህ አልጠራጠርም።

የሚያስቸግረው ያልተለወጠው ነው። እዚያ ላይ የሚዝግ ብረት የለም። ብረቱ በውሃ ሟሙቶ ሄዷል፤ ከፊሉ ወደ ጎን ተንቀሳቅሶ አየር ባገኘበት ስፍራ ነቁጥ ሆኖ ተቀምጧል፣ ከፊሉም ጨርሶ ታጥቦ ወጥቷል። ብረቱ አንዴ ከሄደ በኋላ አፈሩ ቢደርቅም፣ አየርም ቢገባው ወደ ቡናማ የሚመልሰው ነገር አይኖርም። ግራጫው ውሃው ከራቀ ከብዙ ዘመን በኋላም እንዳለ ይቆያል። የአፈር ባለሙያዎች የአፈርን ቀለም የሚያነጻጽሩበትን መጽሐፍ ገልጠው፣ በመጽሐፉ መለኪያ የቀለሙ ድምቀት 2ና ከዚያ በታች የሆነውን ግራጫ የውሃ መተኛት ምልክት አድርገው ይመዘግባሉ፤ ምልክቱ እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን ቀን አልተጻፈበትም። አዛውንቱ ደግሞ ወንዙ ከላይ በኩል ግድብና የመከላከያ ካብ ከተሠራበት ወዲህ እንደ ዱሮው ሞልቶ እንደማይወጣ ነገሩኝ። እንግዲህ ያ ነጣ ያለ ግራጫ ጎርፉ በየዓመቱ ይመጣ በነበረበት ዘመን የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ወይም ባለፈው ክረምት።

ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከእህቴ ጋር ያለንን የነቁጥ ክርክር የሰማችሁም ታውቃላችሁ። የዝገት ነቁጡ ጠርዝ ቀስ በቀስ ወደ አካባቢው የሚደበዝዝ ከሆነ አሁንም እየተሠራ እንደሆነ ይገመታል፤ ጠርዙ በቢላ እንደተቆረጠ ጥርት ያለ፣ ነቁጡም ደርቆ እንደ ጠጠር የጠነከረ ከሆነ ያለፈ ዘመን ቅሪት ሊሆን ይችላል። በሕይወት ያለ ሥር ዙሪያውን ዝገት ከለበሰ ግን ጉዳዩ የአሁን ነው፤ ሩዝና ቄጤማን የመሳሰሉ ዕፅዋት በግንዳቸው ውስጥ ባለው የአየር መተላለፊያ ኦክስጅንን ወደ ሥራቸው ስለሚያወርዱ፣ የሟሟው ብረት እዚያው ሥሩ ቆዳ ላይ ይዝጋል። በዚያ ጉድጓድ የላይኛው ግራጫ ውስጥ ግን ሁለቱንም ዓይነት ነቁጥ አየሁ። ጥርት ያለውም ደብዛዛውም በአንድ ጓል ውስጥ ነበር። እህቴ ይህን ስነግራት «እንግዲያው ሁለቱም ነው» አለች። ምናልባት ልክ ናት። ነገር ግን አንድ ሰው ውሃውን ከማሳዬ ለማስወጣት ቦይ ልቆፍር ወይስ ልተወው ብሎ ሲጠይቅ «ሁለቱም ነው» የሚለው መልስ ምን ያህል እንደሚረዳው አላውቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ልመለስ። ስለ ሟሟ ብረት ባሰብኩ ቁጥር የጋንጀስና የብራህማፑትራ ደልታ ትዝ ይለኛል። ብረት በዝገትነቱ ሳለ ፎስፈረስንና አርሴኒክን ገጹ ላይ ይዞ ይቆያል፤ ሲሟሟ ሁለቱንም ይለቃቸዋል። ፎስፈረሱ ለሩዝ በረከት ነው። አርሴኒኩ ግን በባንግላዲሽና በምዕራብ ቤንጋል ከወንዝ ደለል ውስጥ ወደ ጉድጓድ ውሃ ገብቶ፣ ከተበከለ የወንዝ ውሃ እንዲተርፉ ተብሎ ጉድጓድ የተቆፈረላቸውን ሰዎች ጎዳ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ እንደሚለወጥ ይታወቀኛል። በአንድ ጓል ውስጥ ስናየው የሚያስደንቀን ያ የቀለም ለውጥ በሌላ ስፍራ የሰው ሕይወት የተከፈለበት ነው፤ ስለዚህም ግራጫ አፈርን ውብ ነው ብዬ ከመናገሬ በፊት ትንሽ እቆማለሁ። ውብ ነው ግን።

ወደ ቦዩ ልመለስ። አዛውንቱ ሊያደርጉ ያሰቡት ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ቱቦ መቅበር ነበር። በደለል ውስጥ የሚቀበር ቱቦ ያሳስበኛል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለማይያያዙ ከውሃው ጋር ወደ ቱቦው ይገባሉና፣ ዙሪያውን በጠጠር ወይም በማጣሪያ ጨርቅ ካልተሸፈነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊደፈን ይችላል። የሟሟው ብረት ደግሞ ቱቦው ውስጥ አየር ሲያገኝ ደቂቅ ዘአካላት እየረዱት ይዝግና ቀይ አተላ ይሆናል፤ ይህን ማጣሪያው አያስቆመውም። የማሳውን ዝቅተኛ ክፍል ለግጦሽ ሣር ትቶ ከፍ ያለውን ብቻ ማረስ የተሻለ ይመስለኛል። ይመስለኛል የምለው ማሳው የእሳቸው እንጂ የእኔ ስላልሆነ ነው፤ ዝቅተኛው ክፍል ከመሬታቸው ግማሽ ይሆናል።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚከነክነኝም እሱ ነው። የላይኛው ግራጫ የተቀመጠው ከተጋገረው ንብርብር ላይ ነው። በታችኛው አፈር ዝገቱ የሚታየው በቀዳዳና በጓል ገጽ ላይ ሲሆን ግራጫው ከውስጥ ነው፤ ይህ ከታች የሚነሣ የከርሰ ምድር ውሃ መልክ ነው። በላይኛው ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ገጹ ግራጫ፣ ውስጡ ዝገት። ይህ ደግሞ ከላይ ወርዶ ማለፊያ ያጣ የዝናብ ውሃ መልክ ነው። ስለዚህ በዚያ ማሳ ላይ ሁለት ውሃዎች አሉ፣ በመካከላቸውም ያ ጥቂት ቡናማ አፈር። ጥልቅ ቦይ የታችኛውን ውሃ ሊያወርድ ይችላል፤ ለላይኛው ብዙም አይፈይድም። ላይኛውን የሚረዳው የተጋገረውን ንብርብር መስበር ነው፤ ደለል ደግሞ እርጥብ ሳለ ከተሰበረ ይለነቀጣል፣ ደርቆ ቢሰበር እንኳ በሚቀጥለው እርጥብ እርሻ መልሶ ይጋገራል። የተጋገረው በወንዙ ዘመን ሳይሆን በማረሻና በመንኮራኩር ከሆነ፣ ያ ግራጫ ከጎርፉ ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ እንግዲያው ዱሮ ስንል የትኛው ዱሮ ነው? የወንዙ ነው ወይስ የአባታቸው እርሻ?

በጉድጓዱ አጠገብ ሁለት የተበሱ ቱቦዎች ተክለናል፤ አንዱ ከንብርብሩ በላይ የሚያበቃ፣ ሌላው እስከ ሰማያዊው ግራጫ የሚወርድ። አዛውንቱ ከዝናብ በኋላ በሁለቱም ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ እየለኩ ይጽፉልኛል። እስካሁን የላኩልኝ ቁጥር አንዳንዴ የላይኛው ውሃ ሞልቶ የታችኛው ዝቅ ብሎ ያሳያል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ እኩል ናቸው። እኩል በሆኑባቸው ቀናት ወንዙ ሞልቶ እንደነበረ ጠይቄያቸው፣ በአንደኛው ቀን አዎ፣ በሌላው ቀን አይደለም አሉኝ፤ እሱን ደግሞ እንዴት እንደምረዳው ገና…