«መስፈርቱን አሟልቻለሁ» ብሎ በራስ ስም መፈረም

[ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ፤ የብየዳ ብልጭታ]

እስቲ ይህን በር እዩት። ተሠርቶ ሄዶ ነበር፤ አልዘጋ ብሎ ተመለሰ። ብየዳው እንከን የለውም። ልኬቱ የተወሰደው ግድግዳው ሳይለሰን ነው፤ ልስኑ ሲገባ ክፍተቱ ጠበበ።

የመሥሪያው ባለቤት ደግሞ በሚቀጥለው ጨረታ «አይኤስኦ 9001ን (የጥራት አሠራር ደረጃውን) እናሟላለን» ብለው መጻፍ ይፈልጋሉ። ምስክር ወረቀት የላቸውም። ይቻላል?

ይቻላል። ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም ምስክር ወረቀት አይሰጥም። የሚሰጡት ሌሎች ናቸው፤ እኛ አገር የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት አንዱ ነው። ደረጃውም «የግድ ምስክር ወረቀት ያዙ» አይልም። ያሟላ ሰው በራሱ ስም «አሟልቻለሁ» ማለት ይችላል፤ አባባሉም ሥርዓት አለው፦ አይኤስኦ/አይኢሲ 17050፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በሁለት ክፍል የወጣ።

ክፍል አንድ ስለ መግለጫው ወረቀት ነው። መለያ ቁጥር፣ ስምና አድራሻ፣ ምን እንደሚገለጽ፣ የደረጃው ቁጥር ከነዓመቱ፣ ቀንና ቦታ፣ የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነትና ፊርማ። አንድ ገጽ ይበቃል።

ላብ የሚያስወጣው ክፍል ሁለት ነው፦ ከወረቀቱ ጀርባ የሚቆመው የማስረጃ ፋይል።

[ምስል፦ የተመለሰው በር በቅርበት]

ወደ በሩ እንመለስ። ቅሬታው ተመዝግቧል? ምክንያቱስ ተጽፏል? «ልጁ ተሳስቶ ነው» ምክንያት አይደለም። የልኬት ቅጹ ላይ «ግድግዳው ተለስኗል ወይስ አልተለሰነም» የሚል መስመር ቢገባ፣ ከዚያም በቀጣዮቹ ሥራዎች ችግሩ እንዳልተደገመ ቢታይ፣ ይህ ማስረጃ ነው።

[ምስል፦ አንድ ብረት ላይ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ሜትሮች]

ሁለቱን ሜትር አንድ ብረት ላይ ዘረጋናቸው። በ3 ሚሊሜትር ተለያዩ! የአንደኛው ጫፍ ተጣሟል። በምን እንደምትለኩና መለኪያው ትክክል መሆኑን በምን እንዳወቃችሁ 9001 ይጠይቃል።

የውስጥ ኦዲትም አለ። ስድስት ሰው ባለበት ቤት ማን ማንን ይፈትሻል? በያጁ መጋዘኑን ይይ፣ መጋዘን ያዡ ብየዳውን ይይ። ማንም የራሱን ሥራ እንዳይፈትሽ ነው ነገሩ። ከዚያ ባለቤቱ ውጤቱን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ፤ ይጻፋል።

በነገራችን ላይ፣ ስም ብቻ የሚቀየርበት ወፍራም «የጥራት ማኑዋል» የሚሸጡላችሁ አሉ። የ9001 የ2015 እ.ኤ.አ. እትም ማኑዋል የግድ ይኑር አይልም። ገንዘባችሁን ለሜትር አውሉት።

አሁን ጨረታው። ሰነዱ «እውቅና ካለው አካል የተሰጠ ምስክር ወረቀት» ካለ፣ የራስ መግለጫ አያስገባችሁም፤ አትድከሙ። «የጥራት ሥርዓታችሁን አስረዱ» ካለ ግን መግለጫውን አያይዙ፣ ፋይሉንም ለማሳየት ተዘጋጁ። በምንም መንገድ «ሰርቲፋይድ ነን» አትበሉ፤ የአይኤስኦን አርማም አትለጥፉ። ለምርቱ ለራሱ አስገዳጅ ደረጃ ካለም፣ ይህ መግለጫ እሱን አይተካም።

አንዴ ፈርሞ መርሳትም የለም። መሥሪያው ቦታ ከቀየረ፣ አዲስ ሥራ ከጀመረ ወይም ደረጃው በሌላ እትም ከተተካ መግለጫው እንደገና ይታያል። ከ9001 ጎን 2015 ተብሎ የሚጻፈውም የትኛውን እትም እንዳሟላችሁ እንዲታወቅ ነው።